ዘይት የሚበላ ሞተርና የቤቱ ነጂ

አውቶሞቢል ባለበት ቤት ሁሉ ከማጀቱ ወጪ ቀጥሎ የሚታሰበው የመኪናው ወጪ ነው። ቤንዚኑ በሊትር ተቈጥሮ ይገዛል፤ ጎማው ሲያልቅ በዓይን ይታያል፤ የሞተሩ ዘይት ግን በብረት ሆድ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር ስለሆነ ስንት እንደ ነበረና ስንት እንደ ቀረ ጠይቆ የሚያውቅ የቤት ጌታ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍበት የወደድነው ነገር ዘይት እየበሉ ቈይተው ባልታሰበ ሰዓት በመንገድ ላይ ስለሚሞቱ ሞተሮች ነው። ይህ የጋራዥ ወሬ ነው፤ ለቤተ ሰብ ገጽ አይገባም የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ጥቂት መስመር እስኪያነብልን ድረስ ፍርዱን እንዲያቈይልን እንለምነዋለን።

ነገሩ በብዙ ቤት የሚጀምረው እንዲህ ነው። ነጂው ዘይት ለመጨመር ገንዘብ ይጠይቃል። ዘይቱ ከተለወጠ ገና ወር አልሞላውም። ከመኪናው በታች ቢፈለግ የፈሰሰ ጠብታ አይገኝም፤ በስተኋላም ጭስ አይታይም። ያን ጊዜ በጌታውም ሆነ በእመቤቲቱ ልብ አስቀድሞ የሚገባው አሳብ፥ ነጂው ዘይቱን ሸጦታል የሚል ነው። ነገሩ በግልጥ አይነገርም፤ ነገር ግን ፊት ይጠቍራል፤ ገንዘቡም በማጕረምረም ይሰጣል። ነጂውም ሰው ነውና ይህን አይቶ በሚቀጥለው ጊዜ ከመጠየቅ ይልቅ ዝም ማለትን ይመርጣል። ሞተሩም በዚሁ ዝምታ መካከል ይደርቃል። ከአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ የተነሣ ሞተርም፥ የብዙ ዘመን አገልጋይም ባንድ ቀን የሚታጡበት ቤት አለ።

እንግዲህ ዘይቱ በእውነት ወዴት እንደሚሄድ እንናገር። በሞተሩ ሲሊንደር ውስጥ የሚወጣና የሚወርድ ፒስተን አለ። በፒስተኑ ዙሪያ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ይገባሉ፤ በአብዛኛው ሞተር ቍጥራቸው 3 ነው። ላይኞቹ 2ቱ የሚነደውን ጋዝ አፍነው ይይዛሉ። የታችኛው ሥራ ግን የሲሊንደሩን ግድግዳ እየጠረገ ዘይቱን ወደ ታች መመለስ ነው። ከዚህ ፋሻ በስተኋላ በፒስተኑ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የተጠረገው ዘይት በነዚያ በኩል አልፎ ወደ መያዣው ገንዳ ይመለሳል። ዘይቱ ሳይለወጥ ብዙ ሲቈይ ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግል፥ ዘይቱ ከስሎ እንደ ጥላሸት ይሆንና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ፋሻውንም በቦታው ያጣብቀዋል። የተጣበቀ ፋሻ መጥረግ አይችልም። ዘይቱም በግድግዳው ላይ ይቀርና ከቤንዚኑ ጋራ አብሮ ይነዳል። በላይ በኩል ደግሞ በቴስታታው ውስጥ በቫልቮቹ ዘንግ ዙሪያ ያለው የጎማ ማገጃ ሲደርቅ፥ ዘይቱ በዚያም እየተንጠባጠበ ይገባል።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የተጓዘ ሰው ይህን በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ እስከ ዐባይ ድልድይ ድረስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቍልቍለት ነው። ጥንቁቅ ነጂ በፍሬን ብቻ አይወርድም፤ ማርሹን ዝቅ አድርጎ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ያነሣና ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ያደርጋል። የሚመሰገን አነዳድ ነው። ነገር ግን በቤንዚን ሞተር መስጫው ሲዘጋ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ያንሳል፤ ሲሊንደሩም እንደሚጠባ አፍ ሆኖ በደከመው ፋሻና በደረቀው ማገጃ በኩል ዘይትን ይስባል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ ለመውጣት ቤንዚን ሲሰጥ፥ የተጠራቀመው ዘይት ባንድ ጊዜ ይነድና በስተኋላ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። በማለዳ ታይቶ ወዲያው የሚጠፋው ነጭ ጭስ የውሃ እንፋሎት ነው፤ ጥቍሩ የነዳጅ መብዛት ነው፤ ሰማያዊው የዘይት ነው።

ሆኖም ጭስ አልታየምና ዘይት አይበላም ማለት አይቻልም። ከጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ በተሠሩት መኪናዎች ጭስ መውጫ ላይ መርዙን የሚያጠራ መሣሪያ ተገጥሟል። ይህ መሣሪያ በጋለ ጊዜ በመጠኑ የሚመጣውን የዘይት ጭስ አቃጥሎ ያጠፋዋል። ዘይቱም ያለ ጭስና ያለ ጠብታ ያልቃል። ነጂው በሌብነት የሚጠረጠረው እንግዲህ በዚህ ዓይነቱ መኪና ላይ ነው።

ደግሞም ነገሩ የአሮጌ መኪና ደዌ ብቻ እንዳይመስል፥ በሌላ አገር በመንግሥትና በፋብሪካዎች ዘንድ ተመርምሮ የታወቀውን እንጥቀስ፤ ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ ለአሜሪካ ካቀረባቸው ከ2007 እስከ 2009 ሞዴል ካምሪዎች መካከል ባለ 2.4 ሊትር ሞተሮቹ ዘይት በመብላት ታወቁ። ኩባንያው በ2011 ለጋራዦቹ ባስተላለፈው መመሪያ፥ በ1,200 ማይል ማለት በ1,930 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1 ሊትር ጥቂት የሚያንስ ዘይት የሚጨርስ ሞተር ፒስተኑና ፋሻው እንዲለወጥለት አሳሰበ። አንባቢ ይህን ሒሳብ ለራሱ ያስላው። የትንሽ መኪና ሞተር የሚይዘው ዘይት 4 ሊትር ገደማ ነው። በዚህ መጠን የሚበላ ሞተር በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ይለወጥለታል ቢባል፥ የመለወጫው ቀን ሳይደርስ 2 ሊትር ተኩል ያህል ያቃጥላል፤ የሚቀረውም 1 ሊትር ተኩል ብቻ ነው። እንግዲህ ዘይቱን በቀኑ ያስለወጠ ሰው ሁሉ ከአደጋ አመለጠ ማለት አይደለም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ደግሞ በመመሪያ መጽሐፋቸው በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ዘይት ቢያልቅ ሊሆን የሚችል ነገር ነው ብለው ይጽፋሉ። ይህ አነጋገር ለፋብሪካው የሚመች መሆኑን አንክድም፤ ለባለ መኪናው ግን የሚያጽናና ሆኖ አላገኘነውም።

በ2021 ደግሞ የኮሪያዎቹ ሀዩንዳይና ኪያ በአሜሪካ የሸጧቸውን ገና አዲስ የነበሩ ባለ 2 ሊትር ሞተር መኪናዎች፥ ኪያ 147,000 ያህል፥ ሀዩንዳይ 125,000 ያህል፥ እንዲመለሱና እንዲመረመሩ ጠሩ። ምክንያቱም የዘይት ፋሻቸው በፋብሪካ በእሳት ሲጠነክር ሥራው በሚገባ ሳይፈጸም በመቅረቱ ሲሊንደሩን መፋቅ፥ ዘይት ማስበላትና በመጨረሻም ሞተሩን ማቆም የሚችል ስለሆነ ነው።

ከዚህ አስቀድሞ የሆነው የበለጠ ያስገርማል። በ2015 ሀዩንዳይ የ2011 እና የ2012 ሞዴል የሆኑ 470,000 ያህል ሶናታ መኪናዎችን ጠርቶ ነበር። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ በፋብሪካ ሲቈረጥና ሲሰረሰር የቀረ የብረት ፍቅፋቂ የዘይቱን መተላለፊያ ዘግቶ፥ ሞተሩ በጕዞ ላይ እንዲቆም ያደርግ ነበርና። በዚህ ጊዜ ዘይቱ ሳያልቅ መድረስ ወደሚገባው ስፍራ ባለመድረሱ ሞተሩ ይሞታል። በኩባንያው ውስጥ ለረዥም ዘመን ያገለገለ ኪም ጓንግ ሆ የተባለ መሐንዲስ፥ የተጠሩት መኪናዎች ጕድለቱ ካለባቸው ያነሱ ናቸው ብሎ በ2016 ለአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አስታወቀ። እርሱም በዚያው ዓመት ከሥራው ተሰናበተ። በ2017 ሀዩንዳይና ኪያ ሌሎች ወደ 1,200,000 የሚጠጉ መኪናዎችን ጠሩ፤ በ2020 በ2ቱ ላይ የተወሰነው ቅጣት በጠቅላላው 210 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በ2021 የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ መሐንዲስ ከ24 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ሽልማት ሰጠው። የሞተሩን ጕድለት የሚናገር አገልጋይ አስቀድሞ እንደ በደለኛ መቈጠሩ በእኛ ቤት ብቻ ያለ ልማድ አይደለም።

አሁን ሞተሩ እንዴት እንደሚሞት እንመልከት። ዘይቱ ከገንዳው በፖምፕ እየተሳበ ዘንጉ በሚያርፍባቸው ስፍራዎች ሁሉ ይሰራጫል፤ በብረትና በብረት መካከል እንደ ስስ ልብስ ሆኖ ይለያቸዋል። ዘይቱ ሲያንስ መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ ሲያጋድል ወይም ዳገት ሲወጣ የቀረችው ወደ አንድ ወገን ትሸሻለች፤ ፖምፑም በዘይት ፈንታ አየር ይስባል። ከዚያ በኋላ ብረት ብረትን ይነካል፤ ይግላል፤ የመቀጥቀጥ ድምፅ ይሰማል። ነገሩ ከባሰ መካኒኮች ቢዬላ የሚሉት ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ብረት ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይፈጸማል።

ብዙ ሰዎች በነጂው ፊት ያለው ቀይ መብራት አስቀድሞ ይነግረናል ብለው ይተማመናሉ። አዳዲሶቹ አንዳንድ መኪናዎች የዘይቱን ብዛት የሚለካ መሣሪያ አላቸው፤ በአብዛኛው መኪና ግን ቀዩ መብራት የሚናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት ነው። ግፊቱ የሚወርደው ፖምፑ አየር መሳብ ሲጀምር ስለሆነ፥ መብራቱ በበራ ጊዜ ጕዳቱ ጀምሯል ማለት ነው። ስለዚህ ቀዩ ሲበራ እስከሚቀጥለው ከተማ እንድረስ፥ እስከ ማደያው እንሂድ ማለት አይገባም፤ ወዲያው ከመንገድ ዳር ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ሞተሩ በራሱ እስኪቆም ድረስ የሚጠብቅ ሰው ከሞተሩ የሚበልጥ ነገር ያስይዛል። በሞተሩ ኃይል የሚረዳው መሪ በድንገት ይከብዳል፤ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በቍልቍለት ላይ ልጆች በኋላ ወንበር ተቀምጠው ሳለ ይህ ቢሆን ምን እንደሚከተል መዘርዘር አያስፈልግም።

መድኃኒቱ የሚያስቸግር አይደለም። በሳምንት አንድ ማለዳ፥ እንዲሁም ረዥም መንገድ ከመሄድ በፊት፥ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ ሞተሩ ሳይነሣ የዘይት መለኪያው ብረት ተስቦ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ መልሶ እስከ መጨረሻው አስገብቶ እንደ ገና በመሳብ ይነበባል። በብረቱ ላይ 2 ምልክቶች አሉ፤ በብዙ መኪና በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ልዩነት 1 ሊትር ገደማ ነው። ዘይቱ ወደ ታችኛው ሲቀርብ ይጨመራል። ከላይኛው ምልክት ማሳለፍ ግን ዘንጉ ዘይቱን እየመታ አረፋ እንዲያደርገው ስለሚያበቃ እርሱም ጕዳት ነው።

ከዚህ ጋራ በመኪናው ውስጥ አንዲት ደብተር ትቀመጥ። ቀኑ፥ መኪናው የሄደበት ኪሎ ሜትር፥ የተጨመረው ዘይት ልክ ይጻፍባት። ሲለካ ነጂውና ከቤቱ አንድ ሰው አብረው ቢቆሙ መልካም ነው፤ ለዚህ ሥራ ከፍ ያለው ልጅ ወይም እመቤቲቱ ራሷ ትበቃለች። ከ3 ወይም ከ4 ጊዜ ጽሕፈት በኋላ ደብተሯ ትመሰክራለች። ዘይቱ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ በተቀራራቢ ልክ የሚያንስ ከሆነ የሚበላው ሞተሩ ነው፤ ሌባ በኪሎ ሜትር ለክቶ አይሰርቅምና። ነጂውም ገንዘብ ሲጠይቅ ደብተሯን ይዞ ስለሚቀርብ አንገቱን አይደፋም።

ይህችው ደብተር ወደ መካኒኩ ዘንድ ስንሄድም ትጠቅማለች። ሞተር ይውረድ ከመባሉ በፊት የሞተሩን የውስጥ ትንፋሽ ወደ አየር መግቢያው የሚመልሰው ትንሽ ቫልቭ እንዲታይ እንጠይቅ። እርሱ ሲበላሽ ዘይት አብሮ ይስባል፤ ዋጋውም ከፋሻ መለወጥ ጋራ የሚወዳደር አይደለም። ቀጥሎ ካንዴላዎቹ ይፈቱ፤ ዘይት የሚገባበት ሲሊንደር ካንዴላው ጠቍሮና ረጥቦ ይገኛል። ፋሻው መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን ወፍራም ዘይት እየጨመሩ መሸፋፈን ጊዜ መግዛት ነው እንጂ ፈውስ አይደለም።

ይህን ሁሉ አስፍተን የጻፍነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገራችን እንዳይገባ መወሰኑ ተነግሯል። እንግዲህ በእጃችን ያሉት የቤንዚን ሞተሮች ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በሽያጭ እየተዛወሩ ብዙ ዘመን ይኖራሉ፤ ዘይት የሚበላውም ከጤነኛው ጋራ ተቀላቅሎ ለገበያ ይቀርባል። ሻጭ መኪናውን አጥቦና አስጊጦ ሲያቀርብ፥ ገዢ አስቀድሞ የሞተሩን ክዳን በእጁ ይንካ። ቀዝቃዛ ከሆነ ያስነሣውና ከጭስ መውጫው በስተኋላ ይቁም፤ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ከሠራ በኋላም ቤንዚን አሰጥቶ የጭሱን ቀለም ይይ። ሞተሩ ቀድሞ ሞቆ ከጠበቀው ግን ዋጋ ሳይቈርጥ ይመለስና፥ በሌላ ቀን በማለዳ ሳይነሣ ይድረስበት።