ካያክን በአውቶሞቢል ጭኖ ድንበር ስለ መሻገር

ከነፋስ መውጫ አንድ የተከበሩ አባት ጽፈውልናል። በውጭ አገር የሚኖር ልጃቸው ለዕረፍት ሲመጣ ካያክ የሚባለውን ታንኳ በአውቶሞቢሉ ጣራ ላይ አስሮ በየብስ ድንበር ሊገባ ዐስቧል፤ ሲመለስም ለታናሽ ወንድሙ ሊተውለት ቃል ገብቷል። ብላቴናው ከአኹኑ መቅዘፊያ ከእንጨት እየጠረበ ነው ይላሉ።

ካያክ የግሪንላንድ ሰዎች ጥንት ከባሕር አውሬ ቈዳ ይሠሩት የነበረ፥ ላዩ የተከደነ ጠባብ ታንኳ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ከፕላስቲክ ይሠራል። የጣና ሰው የደንገል ታንኳው ውሃ ሲጠግብበት ጥሎት ሌላ ያስራል፤ ከጉምሩክ ጋራም ጕዳይ የለውም። ካያክ ግን ዋጋ ያለው ዕቃ ነውና በኬላ ላይ ይጠየቃል።

በ1946 ዓ.ም. ግንቦት 27 ቀን በኒውዮርክ የተፈረመው ስለ አገር ጐብኚዎች የጉምሩክ ስምምነት፥ መንገደኛ ለራሱ መገልገያ ለጊዜው ይዟቸው ከሚገባ ዕቃዎች መካከል፥ ርዝመቱ ከ5 ሜትር ተኩል የሚያንስ አንድ ታንኳ ወይም ካያክ ሲል በስሙ ጠርቶ ጽፎታል፤ ከኹለት የቴኒስ መምቻዎች ጋራ። ለወንዝ የሚሠሩት ከዚኽ ልክ እጅግ ያጥራሉ፤ ለባሕር የሚሠሩት ግን ስለሚቀርቡት አስቀድሞ መለካት ይገባል። ኾኖም ይኽ ቸርነት የተደረገው ዕቃው ተመልሶ ይወጣል ተብሎ ነው። በአገራችንም የጉምሩክ ሕግ ለጊዜው የሚገባ ዕቃና ለመቅረት የሚገባ ዕቃ ሥርዐታቸው የተለያየ ነው።

ክቡር ሆይ፥ ጭንቁ ያለው ከዚኽ ላይ ነው። ልጅዎ በኬላ «ይዤው እመለሳለኹ» ብሎ ፈርሞ ታንኳውን ቢተወው፥ የወንድም ስጦታ መኾኑ ቀረጡን አያስቀርለትም። ለወንድም መስጠት እንዲኽ መመርመሩ ቅር ያሰኛል፤ ነገር ግን ፊርማ ፊርማ ነው። ስለዚኽ ከመነሣቱ በፊት ይጻፉለት፤ የሚተወው ከኾነ የግዢውን ደረሰኝ ይዞ፥ በመግቢያው ላይ እውነቱን ተናግሮ ቀረጡን ይክፈል። ገንዘቡ ከበዛበትም ለብላቴናው ዛሬውኑ ይንገረው። ታንኳው ቤት ከገባ በዃላ ከሚነገረው ይልቅ የዛሬው ኀዘን ይቀላል።

ስለ አስተሳሰሩም እንጨምር። ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም፤ 3,000 ሜትር ያኽል ከፍታ ባለው በዚያ ደጋ መኻል ወገቡ ብቻ የታሰረ ታንኳ እንደ ክንፍ ይነሣል። በመንገዱ ዳር የሚሄድ እግረኛና የከብት እረኛ አለ። ፊቱና ዃላው በየራሱ ገመድ ከአውቶሞቢሉ ጋራ ይታሰር፤ ጥቂት ከተሄደም በዃላ ወርዶ ገመዱን ማጥበቅ ነው።

ብላቴናው ምናልባት በ1996 ዓ.ም. በጎማ ጀልባና በካያክ ዐባይን ተከትለው በ114 ቀን እስክንድርያ ስለ ደረሱት ስለ ፓስኳሌ ስካቱሮና ስለ ጎርደን ብራውን ሰምቶ ይኾናል። እነዚያ በወንዝ ሥራ የበሰሉ ናቸው። እርሱ ግን በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጣና ወርዶ፥ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ለብሶ፥ ታላቁ ባለበት ከዳር ይጀምር፤ ጕማሬ የሚውልበትንም ስፍራ አስቀድሞ ከባላገሩ ይጠይቅ።