ስለ ማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርትና ስለ ምዕራብ ሸዋ ነጋዴዎች

በአምቦና በአካባቢዋ ባሉት ከተሞች የሚኖር ነጋዴ ልጁን ወደ ኮሌጅ ለመስደድ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሒሳብ አያያዝ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ሥራና ስለ መኪና ጥገና ነው። ልጁ «ሶሲዮሎጂ እማራለሁ» ወይም «የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ እማራለሁ» ያለ እንደ ሆነ ግን አባት ግንባሩን ቋጥሮ «ይህ ደግሞ ምን እንጀራ ያበላል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በሬ ሸጦ ወይም የዕቁብ ዕጣውን አውጥቶ የሚያስተምር ሰው የገንዘቡን ፍሬ ማወቅ ይገባዋል። ይሁን እንጂ መልሱ እስከ ዛሬ ሲጠበቅ የኖረው ከመምህራን ብቻ ነው፤ የንግዱ ማኅበር ራሱ በዚህ ነገር የሚናገረው ቃል ያለው መሆኑ አልታሰበም።

ነገሩን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጊንጪ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተማሪዎች ለተቃውሞ የወጡት ስለ አንድ የእግር ኳስ ሜዳና ስለ ጭልሞ ደን ነበር። ሜዳውና ደኑ ለባለሀብት ሊተላለፉ ነው መባሉ የከተማውን ሰው አስቆጣ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሳቢያ በአምቦ ሕይወት ጠፍቶ ስለ ነበር ቁስሉ ገና አልሻረም ነበር። ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ በኦሮሚያ ሁሉ ተዛመተ፤ ብዙ ሰው ሞተ። ማስተር ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ፤ ተቃውሞው ግን አልበረደም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በክልሉ ልዩ ልዩ ስፍራ ፋብሪካዎችና የእርሻ ድርጅቶች ተቃጠሉ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። በእነዚያ ወራት ሱቁን ዘግቶ የዋለ፣ የጫነው ጤፍ በመንገድ የቀረበት፣ ዱቤ የሰጠው ገንዘብ ሳይመለስለት የቀረ ነጋዴ ስንት እንደ ከሰረ ራሱ ያውቀዋል።

የዚያን ዘመን የፖለቲካ ችግር አንድ የማኅበረሰብ ጥናት አዋቂ ያቃናው ነበር ማለት ሞኝነት ነው። ሥሩ ከዚያ የጠለቀ ነበር። ነገር ግን በካርታ ላይ ባዶ ሆኖ የሚታይ ሜዳ ለከተማው ልጆች ምን እንደ ሆነ፣ ከደኑ ማገዶና ግጦሽ የሚያገኙት ቤተ ሰቦች እነማን እንደ ሆኑ ከቤት ቤት ዞሮ የሚጠይቅ፣ የሰማውንም በቅን ጽፎ ለሚመለከተው የሚያቀርብ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሕጉም ቢሆን ይህንኑ ይፈልጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሕዝቡ አስተያየት እንዲሰማ ያዝዛል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ካሣ መክፈል ብቻ ሳይበቃ ተነሺዎችን መልሶ ማቋቋም እንደሚገባ ደንግጓል። አዋጅ ግን ከቤት ቤት አይዞርም። የሚዞረው ሰው ካልተዘጋጀ ሕዝቡን ማማከር ማለት በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ ስም ማስፈረም ይሆናል፤ እንዲህ ባለው ጉባኤ ተሰብስቦ የማያውቅ የምዕራብ ሸዋ ሰውም ጥቂት ነው።

ይህ ሥራ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። በጀልዱ ደጋ የምትኖር አሮጊት ስለ መሬቷና ስለ ልጆቿ የምትነግረው ቋንቋዋን ለሚያውቅ፣ ከሽማግሌዎች ጋር በጃርሱማ ሥርዓት ተቀምጦ መስማት ለሚችል ሰው ነው። ስለዚህ ከሁሉ የተሻለው ሠራተኛ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ የሚማርበትም ስፍራ ከቤቱ ባይርቅ ይመረጣል።

በዚህ ረገድ አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1959 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በመጀመሪያም ይሰጥ የነበረው የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አብዮቱ ድህነትን ሁሉ የሚያስወግድ ስለ መሰለ ባለሙያው አላስፈለገም ተብሎ ይሆናል። በድኅረ ምረቃ ደረጃ ተመልሶ የተከፈተው በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል አንድ ትውልድ ሙሉ ያለ ሙያው አለፈ። ሲመለስም ከላይ ከማስተርስ ጀመረ እንጂ ከታች፣ ቀድሞ ከነበረበት ከሁለት ዓመቱ ዲፕሎማ አልጀመረም።

የጎደለው እንግዲህ ይኸው የታችኛው እርከን ነው። በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች (የመጀመሪያው በ1901 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ በጆሊየት ከተማ ተከፈተ) ማኅበራዊ አገልግሎትን በሁለት ዓመት ያስተምራሉ። ተማሪው የሶሲዮሎጂን መሠረት ከቀሰመ በኋላ በአረጋውያን መጦሪያ፣ በሕፃናት ማሳደጊያ ወይም በሥራ አገናኝ መሥሪያ ቤት በኃላፊ ሥር ሆኖ የተወሰነ ሰዓት ካልሠራ አይመረቅም። በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ወገኖቻችንም ብዙዎቹ ቀን እየሠሩ ማታ የሚማሩት በእንዲህ ያሉት ኮሌጆች ነው።

በእኛም አገር የእርከኑ አስፈላጊነት ከምን ጊዜውም ይልቅ ዛሬ ይታያል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ ጎዳና ላይ የሚታዩት ወጣቶች ናቸው። ሁሉም ብየዳ ይማሩ ቢባል የሚበየደው ብረት አይበቃቸውም። ከእነርሱ መካከል ሰው የሚቀርባቸው፣ ምሥጢር የሚጠብቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ አሉ፤ ይህንንም ስጦታቸውን ሙያ የሚያደርግላቸው የለም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ማኅበራዊ አገልግሎትን ከብየዳና ከግንባታ ሥራ እኩል ቦታ ቢሰጡት ይገባል። አምቦ ዩኒቨርሲቲም ከ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤትነት ተነሥቶ ዛሬ ሶሲዮሎጂን እስከ ማስተማር የደረሰ ስለ ሆነ፣ መምህራኑ እነዚህን ተማሪዎች በሥራቸው ላይ እየተገኙ ሊቈጣጠሩ ይችላሉ። ቊጥጥሩ የግድ ነው፤ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ወደ ሐኪም መምራት እንጂ እኔ አድነዋለሁ ማለት የለበትም።

የነጋዴው ፋንታ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በሙያ ሥልጠና ደንብ ከትምህርቱ 70 በመቶው በሥራ ቦታ እንዲፈጸም ታስቧል። መካኒክ የሚለማመደው በጋራዥ ነው፤ የማኅበራዊ አገልግሎት ተማሪ ግን ጋራዡ የት ነው? ዕድሩ፣ ጤና ጣቢያው፣ ፋብሪካው፣ የአበባ እርሻው ነው። በሆለታ ዙሪያ ባለ እርሻ ውስጥ ከገጠር የመጣች ወጣት ሠራተኛ በድንገት ሥራ ብታቋርጥ አሠሪው በምትኳ ሌላ ይቀጥራል፤ እንደገናም ያሠለጥናል። የቀረችው በሕመም ይሁን፣ በቤት ኪራይ ይሁን፣ አለቃዋ ስላስቸገራት ይሁን የሚጠይቃት የለም። አንድ ተለማማጅ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመደብ አሠሪው የማያውቀውን ብዙ ነገር ሊሰማ ይችላል። መስማቱ የማይጥመው አሠሪ መኖሩም የታወቀ ነው።

ደመወዙን ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው፤ መንግሥትና የውጭ ድርጅቶች ሁሉንም ይቀጥራሉ ብሎ ተስፋ መስጠት ወጣቱን ማታለል ይሆናል። የአምቦ ዕድሮች ለቀብር ከሚያዋጡት ጥቂቱን ቀንሰው፣ ነጋዴዎቹም የበኩላቸውን ጨምረው፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና ከአረብ አገር ተመልሰው ያለ ሥራ የተቀመጡትን ሴቶች የሚከታተል አንድ ሠራተኛ ለሦስት ወይም ለአራት ዕድር በጋራ ቢቀጥሩ ሙከራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የከተማው ንግድ ምክር ቤት በሚቀጥለው ጉባኤው የኮሌጁን ዲንና የዕድሮቹን ዳኞች ጋብዞ በመጪው ክረምት ስንት ተለማማጅ በየትኛው ድርጅት ሊመደብ እንደሚችል ቢነጋገር፣ ልጁን ለማስመዝገብ መስከረምን የሚጠብቀው አባት ለጥያቄው የሚይዘው አንድ ነገር ያገኛል።