«ሳልቫጅ ላይ በግማሽ ዋጋ አገኘዋለሁ»



ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ ሹራብ ትሠራ ነበር። እጇ ላይ ሁለት ሽቦ፣ ጭኗ ላይ ግራጫ ክር። ጣቶቿን አታያቸውም፣ እነሱ ግን ይሄዳሉ። ከኋላችን የነበሩ ሁለት ጎረምሶች ተንሾካሾኩና አንደኛው «አያቴን አስታወሰችኝ» ብሎ ሳቁ። ልጅቷ ሰምታለች። ክሩን ሽቦው ላይ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ስልኳን አወጣች። ስልኳን ስታወጣ ማንም አልሳቀባትም።

እኔም ምንም ሳልናገር ወረድኩ። ይኸው እስካሁን ያናድደኛል።

እኔን ያሳደገኝ ሹራብ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ይሆናል። ያሳደገን የአባቴ ትንሽ ሱቅ ነው። የእናቴ ሹራብ የሸፈነው ደብተሩን፣ አንዳንዴ ስኳሩን፣ አንድ ክረምት ደግሞ የእኔን ጫማ ነው። ደሴ ያደገ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። በክረምት የጦሳ ጉም ወርዶ ከተማውን ይውጠዋል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ውርጩ ጣት ያደነዝዛል። ሹራብ የሚፈልግ ሰው ጠፍቶ አያውቅም።

ክሩ ሁልጊዜ አዲስ አልነበረም። እማ ሰኞ ገበያ ወርዳ የሳልቫጅ ሹራብ ትገዛለች። ክርኑ የተበላውን፣ ደረቱ ላይ ቆሻሻ የያዘውን፣ ማንም የማይነካውን። ከመግዛቷ በፊት ገልብጣ የውስጡን ስፌት ታያለች፤ ሻጮቹ ምን እንደምትፈልግ ግራ ይገባቸው ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ሹራቡ እንደ ጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ ክሩ ቁርጥራጭ ሆኖ ይወጣል፣ አይጠቅምም። ጠርዙ ሳይቆረጥ የተሠራ ከሆነ ግን ጫፉን ካገኘሽው እስከ መጨረሻው ይመጣልሻል። እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ እሷ ከሹራቡ እየፈታች እጄ ላይ ትጠመጥመዋለች። ከተፈታ በኋላ ክሩ ተጨማዶ ስለሚቀር በሙቅ ውኃ ታጥበውና ከታች ድንጋይ አንጠልጥላ ታሰጣዋለች። ሲደርቅ ቀጥ ይላል። የፈረንጅ አገር ሰው የጣለው ሹራብ በዚህ ዓይነት የጎረቤታችን ልጅ ሹራብ ይሆናል።

ከዚያ ደንበኛ ትመጣለች። ሹራቡን ታገላብጣለች፣ ትለካለች፣ ታደንቃለች። ዋጋው ሲነገራት «እንዴ እትዬ! ሳልቫጅ ላይ እኮ በግማሽ ዋጋ አገኘዋለሁ» ትላለች። እማ የምትመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «እውነትሽን ነው።»

እውነትም እውነቷን ነው። እዚህ ላይ ራሳችንን አናታልል። ዊልያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1589 የካልሲ መሥሪያ ማሽን ሲፈለስፍ የተጀመረ ውድድር ነው፤ ዛሬ በዋጋ በኩል ማሽኑ ለይቶለት አሸንፏል። ቦንዳ ውስጥ ታስሮ የሚመጣው ልብስ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሽጦ፣ ተለብሶ፣ ተጥሎ ነው የመጣው። በዋጋ ከእሱ ጋር የሚወዳደር የሰው እጅ የለም።

ስለዚህ በየስልካችን «ተሰጥኦሽን ወደ ብር ቀይሪ»፣ «ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ሚሊየነር ሁኚ» እያሉ የሚጮኹት ሰዎች አይመቹኝም። አንድ የአዋቂ ሹራብ ለፈጣን እጅ እንኳ አርባ ሃምሳ ሰዓት ይፈጃል። እህቴ፣ ከሸጥሽበት ላይ የክሩን ዋጋ ቀንሺና የቀረውን ለሃምሳ አካፍይው። የሚወጣውን ቁጥር አይተሽ ታዝኛለሽ። ይህን ሳይነግሩ ልጅን «ጀምሪ» ብሎ ማስገባት ምክር አይባልም።

የሚያዋጣ ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። እማ ዘግይታም ቢሆን ደርሳበታለች፦ የሕፃን ልብስ። ትንሽ ኮፍያ፣ ትንሽ ካልሲ፣ ከፊት የሚቆለፍ ሹራብ። ክሩ ጥቂት ነው፣ በጥቂት ቀን ያልቃል። ዋናው ደግሞ የሚገዛው ሰው ለአቂቃ ይዞት ሊሄድ ነው። ስጦታ የሚገዛ ሰው ሳልቫጅን አያነሳብሽም። የልብስ ገበያውን ትታ የስጦታ ገበያ ውስጥ ገባች ማለት ነው። ይህን ማንም አላስተማራትም።

አሁን ወደ እነዚያ ሁለት ልጆች ልመለስ። «የአያት ሥራ» ብለው ሲስቁ የማን አያት እንደሆነች አያውቁም። ዛሬ በዓለም ላይ ከተረፉት በሽቦ የተሠሩ የክር ልብሶች መካከል በዕድሜ የሚቀድሙት የተገኙት ከግብፅ ነው። በ11ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት መካከል የተሠሩ፣ ነጭና ሰማያዊ የጥጥ ካልሲዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ የዐረብኛ ፊደል የሚመስል ጌጥ አለባቸው። በስፔን ቡርጎስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1275 በሞተ የንጉሥ ልጅ መቃብር ውስጥ ደግሞ ከሐር ክር በዚሁ ሙያ የተሠራ የትራስ ልብስ ተገኝቷል። ጥበቡ እጅግ የደቀቀ ነው። ጌጡ መሐል በኩፊ ጽሕፈት የገባው ቃል «በረካ» የሚል ነው። የክርስቲያን ንጉሥ ልጅ የተንተራሰውን ትራስ የሠሩት በቤተ መንግሥቱ ያገለግሉ የነበሩ ሙስሊም ባለሙያዎች እንደሆኑ ይታመናል። (በነገራችን ላይ አንድን ግብፃዊ «ሹራብ» ብትሉት ወደ እግሩ ነው የሚያየው፤ እነሱ ዘንድ ሹራብ ማለት ካልሲ ነው።)

«የሴት ሥራ ነው» ለሚለውም በፔሩ የታኪሌ ደሴት አለች። እዚያ በሽቦ የሚሠሩት ወንዶቹ ናቸው፣ የሚማሩትም በልጅነታቸው ነው። ምን ያን ያህል አስኬደኝ! ነቢዩላህ ዳዉድ ዐለይሂ ሰላም ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። ሥራቸው ቀለበት ከቀለበት እያያያዙ ጥሩር መሥራት ነበር፤ ቀለበቱን በልኩ እንዲያደርጉ መታዘዛቸውም ሱረቱ ሰበእ ውስጥ አለ። አንገቱ ጭንቅላት የማያስገባ ሹራብ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው «በልኩ» የሚለው ቃል ይገባዋል። እኔ ይገባኛል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን በታሪኩ ምክንያት አይደለም። በወንድሜ ምክንያት ነው።

ታላቅ ወንድሜ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ የወጣው ማንንም ሳይሰናበት ነው። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ለሰባት ወር ድምፁ ጠፋ። አባቴ ደላላ ፍለጋ ተንከራተተ። እማ ግን ቤት ነበረች። አምስት ወቅት ትሰግዳለች፣ ዱዓ ታደርጋለች። በሶላትና በሶላት መካከል ያለውን ሰዓት ግን ምን ታድርገው? ማልቀሱ ከሁለተኛው ወር በኋላ አቆመ። ጎረቤት ሲመጣ መልስ መስጠቱንም ተወችው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥቁር ሰማያዊ ክር ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። የማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ስፋቱን ሳየው አውቄዋለሁ።

ሹራብ ሲሠራ ይቆጠራል። ረድፉ ይቆጠራል፣ ቀለበቱ ይቆጠራል፤ አንድ ካመለጠ ታች ድረስ ይተረተራል። ያን የሚቆጥር ሰው በዚያው ሰዓት የጠፋበትን ቀንና ወር መቁጠር አይችልም። አሁን ሳስበው እናቴን ያቆማት ይህ ይመስለኛል። ሐዘኗን አላስረሳትም፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ለማን እንደምትሠራ ያውቅ ነበር። ግን እጇ ሥራ ነበረው። ማታ ላይ «ዛሬ ብብቱ ጋ ደረስኩ» ትለናለች። በዚያ ቤት ውስጥ «ዛሬ እዚህ ደረስኩ» የሚል ሌላ ሰው አልነበረም። አባቴ የትም አልደረሰም፣ እኔም አልደረስኩም።

ሥራ አጥቶ ቤት የተቀመጠ፣ የውጭ ፕሮሰስ የሚጠብቅ፣ ውጤቱ ያልመጣለት ብዙ ወጣት ዛሬ የሚጎዳው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀኑን ሙሉ ጣቱ ስልክ ላይ ይሄዳል፣ ማታ ግን የትም አልደረሰም። ሹራብ ሥሩ እያልኩ አይደለም። ኮፍያም፣ ጥልፍም፣ ዳንቴልም፣ እንጨትም ይሆናል። ግን የምትቀልዱበትን ነገር እወቁት። ታክሲ ውስጥ ያቺ ልጅ ስለማን እየቆጠረች እንደነበር ማን ያውቃል?

ወንድሜ መጣ፤ አልሐምዱሊላህ። በኅዳር 2006 ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ተመለሱ፤ እሱም አንዱ ነበር። ቤት የደረሰው አንድ ፌስታል ይዞ ነው። እማ ሹራቡን አወጣችለት። ሲለብሰው ሁላችንም ዝም አልን። ትከሻው ላይ ተንጠለጠለ፣ ሆዱ ላይ ባዶ ሆነ። የሠራችው ለሄደው ልጅ ነበር፤ የመጣው ግን ግማሹ ነው። እሱ «ይሁን እማ፣ ይሞቃል» አላት። እሷ ግን አውልቅ አለችውና ገልብጣ ጫፉን ፈለገች። በዚያው ማታ ፈታችው። ክሩን በእጄ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ልክ መጣ። ወንድሜ አሁን ኮምቦልቻ ነው ያለው፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ ሳስቷል ይላል፤ እማ «አምጣው» ብላዋለች።

እኔ ደግሞ ያን ታክሲ ከወረድኩ በኋላ ክር ገዛሁ። ለልጄ ነው፣ አረንጓዴ። ጀርባው አልቋል፣ ደረቱም ደህና ነው። እጅጌው ላይ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋብኝና ቆሜያለሁ። እማ ለዒድ ትመጣለች፤ ወይ ትጨርስልኛለች፣ ወይ ፈትታ ከመጀመሪያው ታስጀምረኛለች።