ፈረስ ቆጠራ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቡና ላይ ስንቀመጥ ወሬው ከፖለቲካ ካመለጠ መኪና ላይ ያርፋል። ሁለት ማኑዋል መኪኖች እንደነበሩኝ የሰማ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ስንት ፈረስ ነው?» እነግረዋለሁ። የሆንዳው ኤስ2000 240፣ የማዝዳዋ ሚያታ 142። ፍርዱ እዚያው ይሰጣል፤ ሁለተኛ ጥያቄ የለም፣ ይግባኝም የለም።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲባል ያደግን ሰዎች ይህን ቆጠራ እንዴት እንዲህ እንደወደድነው ይገርመኛል። አንድን መኪና በጉልበቱ ብቻ መመዘን አውቶማቲክ ለሚነዳ ያስኬድ ይሆናል። ፍሪሲዮን የሚረግጥ፣ ካምቢዮውን በእጁ ይዞ የሚውል ሰው ግን ያ ጉልበት የትና መቼ እንደሚገኝ ካልጠየቀ ምንም አልጠየቀም።

እስቲ 240ዎቹን ፈረሶች እንፈልጋቸው። ኤስ2000 እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ባለ 2 ሊትር፣ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተሩ ጉድ አሰኝቶ ነበር፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው በደቂቃ 8300 ዙር ላይ ነው፣ ቀዩ መስመር 9000 ላይ። ሞተሩ ባሕርይውን የሚቀይረው፣ ድምፁም ጭምር ሌላ የሚሆነው 6000 ዙር አካባቢ ነው። በሁለተኛ ማርሽ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር አልፏል። እኛ አካባቢ እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ቅዳሜ ጠዋት የሚሄድበት መንገድ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ስካይላይን ድራይቭ ነው፤ ወደ 170 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ የተራራውን ጫፍ ይዞ የሚጠማዘዝ። የፍጥነት ገደቡ 56 ኪሎ ሜትር ነው። አጋዘንና ድብ ስለሚያቋርጡት ገደቡን ማክበር ግድ ነው። እንግዲህ ሕግ አክባሪው ባለቤት በሁለተኛ ማርሽ ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ቢውል የተኩራራበትን ሞተር ሳያገኘው ይመለሳል። በአንደኛ ማርሽ ያገኘዋል፤ እሱ ደግሞ መንዳት ሳይሆን መጮህ ነው።

ሚያታዋ ከላይ የደበቀችው ነገር የላትም። ያላትን ከመሃል ዙሯ ጀምራ ትሰጣለች፤ ከሆንዳው ወደ 200 ኪሎ ግራም ስለምትቀል ደግሞ ትንሹ ይበቃታል። ውድድር ሜዳ ላይ ኤስ2000 ጥሏት ይሄዳል፤ ስካይላይን ላይም ቢሆን ነዳጁ ከተረገጠ ይቀድማታል። በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ከቡና ጠጪዎቹ መካከል ውድድር ሜዳ የረገጠ አንድም ሰው ስለሌለ ነው።

ቁጥሩ ራሱስ ምን ያህል ይታመናል? ማዝዳ የ2001ዱን ሚያታ አሜሪካ ውስጥ 155 ፈረስ ነው ብሎ ሸጠ፤ ቆይቶ 142 ነው ብሎ አረመና ቅር ላለው ገዢ መኪናውን መልሶ ለመግዛት ቃል ገባ። 13 ፈረስ ከወረቀቱ ጠፋ፤ መንገድ ላይ ያለችው መኪና ግን ያቺው ነበረች። የሆንዳው ደግሞ ከዚህ የባሰ ያስተምራል። በ2004 ለአሜሪካ ገበያ ሞተሩ ወደ 2.2 ሊትር አደገ፣ ቀዩ መስመር ወደ 8000 ወረደ፣ የመጎተት አቅሙ ከ208 ወደ 220 ኒውተን ሜትር ወጣ። ፈረሱ? ያው 240። ለቆጣሪው ምንም አልተለወጠም፤ ሁለቱን የነዳ ሰው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይለያቸዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የመለኪያው ደንብ ስለተቀየረ 240ው 237 ተባለ። ሦስቱ ፈረሶች የሞቱት ቢሮ ውስጥ ነው።

ወረቀቱ ላይ የማይጻፈው ይበዛል። የኤስ2000 መሪ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ነው፤ ትክክለኛ ነው፣ ግን ቁጥብ ነው፣ የፊት ጎማው ምን ላይ እንደቆመ አያወራም። የሚያታዋ በዘይት ግፊት ይሠራል፤ እርጥቡንም ጠጠሩንም መዳፍ ላይ ታመጣዋለች። የመጀመሪያዎቹ ኤስ2000ዎች በዝናብ፣ ጥምዝ መሃል ነዳጅ በድንገት ለለቀቀ ሰው ጅራታቸውን እንደሚያዞሩ የታወቀ ነው። ይህንን የትኛው የፈረስ ቁጥር ይናገራል?

በዚህ ሁሉ የሚያታ ጠበቃ መስዬ ከሆነ አይደለሁም። የሚያታ ሰዎችም የራሳቸው ትዕቢት አላቸው፤ ጉልበት ማነስን እንደ ጾም ቆጥረው ሌላውን በኃጢአተኛ ዓይን ያያሉ። እንዲያውም ባለፈው ዓመት ለሁለት የሚሆን ቦታ ሲጠፋ የሸጥኩት እሷን ነው።

ሆንዳውን ያስቀረልኝ 240ው አይደለም፤ ካምቢዮው ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ የሚሄደው የእጅ አንጓን በመስበር ብቻ ነው፤ ክንድ አይንቀሳቀስም፤ ሲገባ እንደ ጥሩ ቁልፍ ቀጭ ይላል። አዲስ አበባ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስማር በአሮጌ ቶዮታ ላይ ሦስተኛን ፈልጌ አምስተኛ ያስገባሁባቸውን ቀናት አስታውሳለሁና፣ አንዳንድ ጠዋት ሞተሩን ሳላስነሳ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገባለሁ።