ሳይጨርሱ ስለ መመረቅ

የአገራችን ሰው ደስታውን ለብቻው መብላት አያውቅም። ልጅ ሲወለድ ገንፎ ይገነፋል፥ ጎረቤትም ተሰብስቦ እልል ይላል። ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ዘመድ ይጠራል። ሲዳሩም ድንኳን ይጣላል። በነዚህ ቀኖች ልጁ ምን ሠራ ተብሎ አይጠየቅም። ሕፃን ክርስትና የሚነሣው አንድ ነገር ዐውቆ ወይም ፈጽሞ አይደለም፤ ስለ ተወለደ ብቻ ነው። ቤተ ሰቡም የተሰጠውን ተቀብሎ ያመሰግናል። ደግ ልማድ ነውና በዚህ ላይ የምለው የለኝም።

ምረቃ ግን ከነዚህ ወገን አይደለም። የምረቃ ድግስ ምስክርነት ነው፤ ይኸውም «ይህ ልጅ ይህን ያህል ዘመን ደክሞ ይህን ትምህርት ጨርሷል» ብሎ ቤተ ዘመድ በአደባባይ የሚመሰክርበት ነው። ያልተፈጸመውን ተፈጸመ ብሎ መመስከር ደግሞ በማናቸውም ዳኛ ፊት ስሙ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሰኔ በመጣ ቍጥር በየከተማው የሚደረገውን የሕፃናት ምረቃ እቃወማለሁ። ከ30 ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ የኖርሁ ሰው ነኝና፥ የልጆችን ደስታ የማይወድ ደረቅ ሽማግሌ ነው እንዳትሉኝ እለምናለሁ።

ነገሩን ላላየ ሰው ልንገረው። ነርሰሪ፥ ኤልኬጂና ዩኬጂ የሚባሉትን ክፍሎች የፈጸመ የ6 ዓመት ሕፃን ጥቁር ጋዋን ይለብሳል፤ ጆሮውን የሚሸፍን ባለ አራት ማዕዘን ቆብ ይደፋል፤ በአንገቱም አበባ ይንጠለጠልለታል። አዳራሽ ይከራያል፥ ድምፅ ማጉያ ይተከላል፥ የልጁ ፎቶግራፍም ከነስሙ በትልቅ ባነር ታትሞ ይሰቀላል። ሕፃኑ ሙቀቱ ጸንቶበት ቆቡን ላውልቅ ሲል «ተው! ፎቶው ይበላሻል» ይባላል። ማታ ደግሞ በየቤቱ ሌላ ድግስ አለ፤ ኬክ ይቈረሳል፥ በግ ይታረዳል። አንዳንዱ ትምህርት ቤትማ በዚህ ሳይወሰን 6ኛ ክፍል ሲያልቅም፥ 8ኛ ክፍል ሲያልቅም ያንኑ ጋዋን ያለብሳል።

በሰፈሬ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ የምትኖር አንዲት እናት አለች። ባለፈው ዓመት ሰኔ ሲገባ ከልጇ ትምህርት ቤት የተላከላትን ወረቀት ይዛ ወደ ቤቴ መጣች። ወረቀቱ የጋዋን ኪራይ፥ የአዳራሽ፥ የፎቶና የቪዲዮ፥ የምሳ እያለ ይዘረዝርና በመጨረሻ፥ ክፍያውን ያልፈጸመ ወላጅ ልጁን በዚያ ቀን እንዳያመጣ ያሳስባል። «ጋሼ፥ ይኼ ነገር ግዴታ ነው እንዴ?» አለችኝ። ግዴታ አይደለም አልኋት። «ታዲያ ጓደኞቹ ሁሉ ሲሄዱ ልጄ ብቻውን እቤት ይዋል?» ስትለኝ ግን ወረቀቱን አጥፌ መለስሁላት። ዕቁብተኞቿን ለምና ተራዋ ሳይደርስ ዕቁቡን ወሰደች፤ እስከ መስከረምም ድረስ ጤፍ የምትገዛው በዱቤ ነበር። ግዴታ ያልሆነ ነገር እንዲህ ከሆነ ግዴታው ምን ሊሆን ነው?

በምረቃው ማግሥት ልጁ ሊስመኝ መጣ። የአማርኛ መጽሐፉን አስመጥቼ አንድ ገጽ አስነበብሁት፤ እንደ ውሃ ያወርደው ጀመር። ነገሩ ስላጠራጠረኝ ሥዕሎቹን በእጄ ሸፈንሁበት። ያን ጊዜ ዝም አለ። በግ የሚለውን ቃል ያነብ የነበረው ከበጉ ሥዕል ላይ ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ገጹን ሁሉ በቃሉ የያዘ ልጅ እንዴት ሰነፍ ይባላል? ነገር ግን ፊደሉን ገና እንዳልያዘ አይቶ አጠገቡ የሚቀመጥለት ሰው አላገኘም። እንዲያውም መጨረሱን በድምፅ ማጉያ ነገሩት።

የዚህን ልብስ ታሪክ ደግሞ ብዙ ሰው አይጠይቅም። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ሲቋቋሙ መምህሩም ተማሪውም አብዛኛውን ጊዜ ከካህናት ወገን ይቈጠር ስለ ነበር፥ እንደ ካህን ረጅም ቀሚስ ይለብስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልብሱ የከፍተኛ ትምህርት ምልክት ሆኖ ቀረ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፥ በ1954 ዓ.ም.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፥ በአገራችን እዚያ የደረሰ ሰው በጣም ጥቂት ነበር። ጋዋን የለበሰ ልጅ ያየች እናት የምታለቅሰው ጨርቁን አይታ አልነበረም፤ ስንቅ ያቀበለችባቸው ዓመታት ትዝ ብለዋት ነው።

ከጋዋን በፊትም ቢሆን እኛ የራሳችን ምረቃ ነበረን። የቄስ ተማሪ ፊደል ቈጥሮ፥ አቡጊዳ ብሎ፥ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፥ በመጨረሻ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ሲወጣው ወላጆቹ ጠላ ጠምቀው፥ እንጀራ ጋግረው የኔታን ይጠሩ ነበር። የዚያ ድግስ ደግነቱ መጽሐፉ እዚያው መኖሩ ነው። የተጠራው እንግዳ ማንበብ የሚያውቅ እንደ ሆነ ከመካከል ገልጦ «እስቲ ከዚህ በል» ሊለው ይችላል። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ ይህ ድግስ አልደረሰኝም። በእኛ ዘንድ የነበረው የወላጆች ቀን ነው፤ ዲሬክተሩ ስም ይጠራል፥ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣው መጽሐፍ ወይም ደብተር ይቀበላል፥ ይጨበጨባል፥ ቀትር ሳይሆን ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቁምጣችን ታጥቦ መተኰሱ ይበቃን ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም እንዲሁ ሆነ። የዘመኑን መንግሥት የሚወቅስ ይውቀስ፥ ብዙ የሚወቀስበት አለና። ነገር ግን በዚያ ዘመቻ ፈተናውን ያለፈ ሰው የምስክር ወረቀት ሲቀበል ሐሰት አልነበረበትም። ዕድሜ ልካቸውን በጣት አሻራ ሲፈርሙ የኖሩ ባልቴቶች ስማቸውን በእጃቸው ጻፉ። ለነሱ ጋዋን ያለበሳቸው የለም፤ ቢለብሱ ግን ከ6 ዓመቱ ልጅ ይልቅ ይገባቸው ነበር።

ቃሉስ ቢሆን ከማን ቤት የወጣ ነው? መመረቅ ማለት በእኛ ቋንቋ በሽማግሌ አፍ መባረክ ነው። እደግ ተመንደግ ብሎ የሚመርቅ አባት ሒሳብ አይጠይቅም። ምርቃቱን በደረሰኝ የሚሸጥ ሽማግሌ ማን አይቷል? ዛሬ ግን ትምህርት ቤቱ ከጋዋኑም፥ ከፎቶውም፥ ከአዳራሹም የድርሻውን እያሰበ፥ በሩ ላይ ቆሞ የከፈለውን ያስገባል፥ ያልከፈለውን ይመልሳል። እንዲህ ያለው ቀን ገበያ ነው። ገበያ ነው ብለው ቢጠሩት ኖሮ እኔም ዝም ባልሁ።

«ልጆችን ለማበረታታት ነው» የሚለኝ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ልጅ የሚበረታው የደከመበት ሲታይለት ነው። ሳይደክም ያጨበጨቡለት ልጅ የሚማረው ጭብጨባ ከሥራ እንደሚቀድም ነው፤ ይህንም ትምህርት እንደ ፊደሉ ቶሎ አይረሳውም። «ገንዘቡ የወላጅ ነው፥ ምን አገባህ?» ለሚለኝም መልሴ ያችው እንጀራ ጋጋሪ ናት። ባለጠጋ በቤቱ የወደደውን ይደግስ፤ የሚከለክለው የለም። ባለጠጋውና ድኻው በአንድ ክፍል በሚማሩበት ቤት ግን አንዱ የደገሰውን ሌላው በዕዳ ይከተለዋል። «በፈረንጅ አገርም ይደረጋል» ለሚለኝ መልስ የለኝም፤ በፈረንጅ አገር የሚደረገውን ሁሉ አጣርተን የያዝን እንደ ሆነ እሱን ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆኑ። በ2015ቱ ፈተና አንድ ተማሪ ስንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ናቸው። ይህ ሁሉ የመጣው ከሕፃናት ጋዋን ነው ብል ዋሾ እሆናለሁ፤ ጦርነቱ አለ፥ የመጽሐፍ እጥረት አለ፥ የመምህሩ ደመወዝ አለ፥ በአንድ ክፍል የታጨቀው የልጅ ብዛት አለ። ነገር ግን ያ በፈተናው የወደቀ ወጣት 12 ዓመት ሙሉ አልፈሃል ሲባል የኖረ ልጅ ነው። በየሰኔው ካርድ ተሰጠው፤ ጎበዝ ተባለ፤ ከነዚያ ዓመቶች በአንዱም ሥዕሉን ሸፍኖ «እስቲ አንብብ» ያለው አልተገኘም። እውነቱን የሰማው በ18 ዓመቱ ነው፤ በ6 ዓመቱ ቢሰማው ግን በአንድ ክረምት ሊታረም የሚችል ነገር ነበር።

ስለዚህ የትምህርት ቤት ባለቤቶችን የምጠይቃቸው ቀላል ነገር ነው። በሰኔ ወላጆችን ጥሩ፤ ልጆቹ በዩኒፎርማቸው ይምጡ፤ ዳቦና ሻይ ይበቃል። እያንዳንዱ ልጅ ካላጠናው መጽሐፍ አምስት መስመር ለእናቱ ያንብብላት። ያነበበው እርሳስ ይሸለም። ያላነበበውን ልጅ ማንም አያሳፍረው፤ መምህሩ ስሙን ይያዝና በሐምሌና በነሐሴ በሳምንት ሦስት ቀን ያስጠናው፤ ለአዳራሽ ሊወጣ የነበረውም ገንዘብ ለዚህ መምህር ድካም ይከፈል። በመስከረም ደግሞ እናቱ ተጠርታ ትስማው። ይህን ሐሳብ በሰፈሬ ላሉ ወላጆች ነግሬአቸዋለሁ። ሁለቱ እሺ ብለው ልጆቻቸውን በክረምት ወደ እኔ ልከዋል፤ ከነዚህም አንዱ የእንጀራ ጋጋሪዋ ልጅ ነው። የቀሩት ለዘንድሮው አዳራሽ ቀብድ ከፍለዋል።