የከብቱን ሐኪም ማን ያክመው?

ነገሩን በግልጽ ልናገር። ከብት ያክሙልን ብለን የቀጠርናቸውን ልጆች እኛው እየጨረስናቸው ነው። "አንተ መምህር፣ የከብት ሐኪም ጉዳይ ምን አገባህ?" የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል! የገበሬ ልጅ ደብተር የሚገዛለት በግ ተሽጦ ነው። በጉ ከሞተ ልጁ ከክፍል ይቀራል።

ኃላፊዎች ስለ እንስሳት ክሊኒክ ሲያወሩ የሚቆጥሩት ሁለት ነገር ነው፦ ስንት ተከተበ፣ ስንት ታከመ። ከታቢው በልቷል ወይ? ተኝቷል ወይ? የሚል ቦታ ሪፖርቱ ላይ የለም። ሌሊት "ላሜ ምጥ ጠንቶባታል" ተብሎ ይደወልለታል፣ ጭቃ ረግጦ ሲሠራ ያድራል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካልፈረመ ግን ቀሪ ይባላል። ይሄ አስተዳደር ነው?

ሥራው እኮ ቀልድ አይደለም። የጨነገፈ ጥጃ በባዶ እጁ የሚያወጣ ሰው ብሩሴሎሲስ ሊይዘው ይችላል። አባ ሰንጋ ከከብት ወደ ሰው ይተላለፋል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከመነከስ በፊት የሚሰጥ ክትባት ግን አለ። ውሻውን የሚከትበው ልጅ ራሱ ሳይከተብ ሲውል ምን እንበለው?

"በጀት የለም" ይሉናል። ለስብሰባ ውሃና ብስኩት ያለው በጀት ለጓንትና ለቦቲ ሲሆን የት ይገባል? እሺ፣ የለም እንበል። የሌሊት ተረኛ ስም ጽፎ መለጠፍ ስንት ብር ያስወጣል? ሌሊት የሠራ ጠዋት ይረፍ ማለትስ? በሬው የሞተበት ገበሬ ተቆጥቶ ሲመጣ ልጁን ብቻውን ከማስመታት ኃላፊው ራሱ ወጥቶ ቢያነጋግርስ? በሳምንት አንዴ ሻይ ይዞ "ምን ከበዳችሁ?" ብሎ መጠየቅስ?

"ሙያው መስዋዕትነት ይጠይቃል" የምትሉም አላችሁ። መስዋዕትነት ሰው ከራሱ የሚሰጠው ነው እንጂ አለቃ በደብዳቤ የሚያዘው አይደለም።

ታሪካችንን አንርሳ። በ1880ዎቹ ደስታ በሽታ ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀን አመጣብን። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። እኛ አገር ለዚህ ያበቃን መፈክር አይደለም። አፋር በረሃ ውስጥ ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው ከመንደር መንደር የሄዱ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች አሉበት። የሚሄድ ሰው ከሌለ ክትባቱ ፍሪጅ ውስጥ ይቀራል።

ዛሬ ግን ባለሙያው ሲመረው ጥሎ ይሄዳል። ገበሬው ምን ያድርግ? ከገበያ መድኃኒት ገዝቶ በግምት ይወጋል። አንዳንዷ ላም ትሞታለች፣ ተህዋሲው መድኃኒቱን ይለምዳል፣ ቅሪቱ ያለበትን ወተት ደግሞ እኛው ከነልጆቻችን እንጠጣለን። ሰው የሌለበት ክሊኒክ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ስለዚህ እናንተ የምትመሩ ሰዎች፣ በሚቀጥለው ሪፖርታችሁ አንድ መስመር ጨምሩልን፦ ከሠራተኞቻችሁ ስንቱ ተከተቡ፣ ስንቱ ዓመት ዕረፍት ወጡ፣ ስንቱ ለቀቁ፣ ለምን ለቀቁ። ይህን መመለስ ካልቻላችሁ ስለ ከብቱ ብዛት አታንብቡልን።

እንስሳት ሐኪም የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ የቀረ ካለ ኮሜንት ላይ ጨምሩ። ሌላችሁ ሼር አድርጉት፣ ኃላፊዎቹ ጋ ይድረስ።