ፊደል መቁጠርና የግጥም ምጣኔ

ግጥም በክፍል ውስጥ ሲተነተን ብዙ ተማሪዎች አስቀድመው የሚያደርጉት በየስንኙ ያሉትን ፊደላት መቁጠር ነው። ቁጥሩ እኩል ካልሆነም ግጥሙ ጎደሎ ነው ብለው ይፈርዳሉ። ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ የአማርኛ ግጥም የሚመጠነው በሚታየው ፊደል ሳይሆን በሚሰማው ቀለም ነውና። ቀለም ማለት አንድ አናባቢ ይዞ የሚነገር የድምፅ ክፍል ነው። ለምሳሌ ያህል የሚከተሉት ስንኞች ይታዩ፤

ክረምቱ ሲመጣ ደመናው ከበደ፣
ገበሬው በሬውን ጠምዶ ማልዶ ሄደ።

በመጀመሪያው ስንኝ 14፣ በሁለተኛው 16 ፊደላት ይገኛሉ። ጮክ ብሎ ላነበባቸው ግን ሁለቱም 12 ቀለም ናቸው፤ ከመካከለኛዋ ዕረፍት ወዲህና ወዲያም ስድስት ስድስት ሆነው ይከፈላሉ። ይህም የወል ቤት የሚባለው እጅግ የተለመደው ምጣኔ ነው።

ልዩነቱን ያመጣው ሳድስ ነው። ሳድስ አንዳንድ ጊዜ አናባቢ ይዞ ይነገራል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከእርሱ በፊት ያለውን ቀለም ዘግቶ ይቀራል። በ«ክረምቱ» ውስጥ «ክ» ይቆጠራል፤ «ም» አይቆጠርም። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው «ው» ነው። «ገበሬው» ሲባል ቃሉን ዘግቶ ይቀራል፤ ወዲያው «በሬውን» ሲባል ግን «ን»ን አስከትሎ አንድ ቀለም ይሆናል። ዓይን ይህን አይለይም።

እንግዲህ ፊደል ቆጣሪው ሁለተኛውን ስንኝ ላርም ብሎ ቢነሣ፣ «ገበሬው በሬውን ጠምዶት ሄደ» በማለት በ14 ፊደል ሊወስነው ይችላል። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ስንኙ ግን ወደ 10 ቀለም ወርዶ ያነክሳል። የገበሬው ትጋት የተነገረበት «ማልዶ»ም በከንቱ ጠፍቷል።

ቤት በመምታትም በኩል ዳኛው ጆሮ ነው። «ከበደ» እና «ሄደ» በ«ደ» ስለሚያልቁ ቤት ይመታሉ፤ «ደ» ከ«ዳ» ጋር ግን አይመታም። በአንጻሩ «ነገሠ» እና «ፈሰሰ» በጽሕፈት ቢለያዩም በድምፅ አንድ ናቸው።

እርግጥ ምጣኔ ሁሉ የወል ቤት አይደለም። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ቀለም ይይዛል። የ«እሳት ወይ አበባ» (1966 ዓ.ም.) ደራሲ ፀጋዬ ገብረ መድኅን በስምንት ስምንት ቀለም ስለ ገጠመበት ረጅሙ ስንኝ «የፀጋዬ ቤት» ተብሎ በስሙ ይጠራል። ፊደል ያልቆጠሩ አልቃሾችና አዝማሪዎች ግን እነዚህን ስሞች ሳይሰሙ፣ መሰንቆውንና እንጉርጉሮውን ብቻ ተከትለው ምጣኔ ሳያዛንፉ ኖረዋል። ተማሪውም ስንኙን በድምፅ እያነበበ ለየቀለሙ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ ቢያደርግ፣ ስንኙ የሚሰበርበትን ቦታ ጣቱ ራሱ ያሳየዋል።